ወደ አፍአበት የሚያደርሰው መንገድ

ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን የነበረውን የእርስ በርስ ጦርነታችንን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ «ነገሩ የተገለበጠው የት ላይ ነው?» ይላል። አንዱ አፍአበት ይላል፣ ሌላው ሽሬ፣ ሌላው ምጽዋ። ማንም አልተሳሳተም፤ በሦስቱም ቦታ ጦር ተፈትቷል፣ ከተማ ተለቋል፣ የሰው ልጅ እንደ ቅጠል ረግፏል። እኔ ግን ያን ዘመን የኖርሁ ሰው ነኝና፣ የአፍአበትን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተልሁ ስሄድ የሚያደርሰኝ ከኤርትራ ተራሮች እጅግ ርቆ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከዚያ ልጀምርላችሁ።

ያ ቤት የሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ቤት ነበር። በኦጋዴን ግንባር ስማቸው የገነነ፣ ወታደር የሚወዳቸው፣ ዘራቸው ከኤርትራ የሚመዘዝ ሰው ነበሩ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የደርጉ ሊቀ መንበር ሆነው ከፊት ቆሙ። የኤርትራን ነገር በጥይት ከመፍታት በንግግር መፍታት ይሻላል አሉ። እዚያው ድረስ ወርደው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ተጨማሪ ጦር ይዝመት ሲባልም አይሆንም ብለው ተከራከሩ። ኅዳር 14 ቀን ቤታቸው ተከብቦ በተኩስ መካከል ሞቱ። በዚያው ሌሊት የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና መኳንንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ እስከ ዛሬ «ስልሳዎቹ» እየተባሉ ይነሳሉ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በደርጉ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ገባው፦ ስለ ሰሜኑ ጦርነት «ቆም ብለን እናስብ» ማለት አንገት ያስከፍላል። አባወራ «ጣራው ያፈሳል» ያለውን ልጁን በጥፊ ቢያጮለው የቀሩት ልጆች ዝም ይላሉ፤ ዝናቡ ግን ዝም አይልም። ያ ዝናብ አሥራ ስድስት ዓመት ተኩል ዘነበብን።

ስሙኝ፤ እነማን እንደተዋጉ ለማታውቁ ወጣቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን ደርግ የሚያዝዘው የኢትዮጵያ ሠራዊት አለ፤ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ሠራዊቶች መካከል የሚቆጠር፣ ከሶቪየት ኅብረት ታንኩም አውሮፕላኑም የሚጎርፍለት። በሌላው ወገን በኤርትራ ሻዕቢያ፣ በትግራይ ሕወሓት፣ በየቦታውም ሌሎች ነበሩ። በጉልበት ሚዛን ካየነው ነገሩ ገና ሲጀመር ያለቀ ይመስል ነበር። ሚዛን ግን ብረትን እንጂ የሰውን ልብ አይመዝንም።

የ1970ውን ዓመት አስቡት። የሶማሊያ ጦር ከኦጋዴን ተመትቶ ወጣ፤ ድል ያደረገው ሠራዊት ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ሻዕቢያ ያኔ ከኤርትራ ከተሞች ብዙዎቹን ይዞ ነበር። እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉ? ያን ሁሉ ደም ከፍለው የያዙትን ከተማ እየለቀቁ ወደ ናቅፋ ተራሮች ገቡ፤ ስልታዊ ማፈግፈግ አሉት። ያኔ የሳቀባቸው ብዙ ነው። ይሁንና የተለቀቀ ከተማ ሊመለስ ይችላል፤ ያለቀ ሠራዊት ግን አይመለስም። ይህን ማስተዋል ትልቅ ነገር ነው። በናቅፋ ዓለት ውስጥ ምሽግ ቆፈሩ፣ ከመሬት በታች ሕክምናቸውንም ትምህርት ቤታቸውንም አደረጉ፣ ተቀመጡም።

በመንግሥት በኩል ግን መልቀቅ የሚባል ቃል ክህደት ሆኖ ተቆጠረ። እያንዳንዱ ከተማ፣ እያንዳንዱ ኮረብታ ጦር ይቀመጥበት ተባለ፤ ጦሩ እንደ ጨው ተበትኖ በየመንገዱ ይደበደብ ጀመር። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ መጣ። የአገሪቱ መሪ ቢሯቸውን ወደ አስመራ አዛወሩ፤ ከ80 ሺህ የማያንስ ሠራዊት ተሰለፈ፤ ድሉ ከመገኘቱ በፊት በሬዲዮ ታወጀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ናቅፋ አልተያዘችም፤ በዚያ ተራራ ሥር የወደቀው የገበሬ ልጅ ብዛት ግን የትም ቢሆን ለእናቶቻቸው በወጉ አልተነገረም።

የሞተውን ለመተካት በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነውን ጎበዝ ሁሉ የሚመለከት። አዋጁ በወረቀት ላይ ደንብ ነበረው። በየቀበሌውና በየገጠሩ ግን አፈሳ ሆነ። ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከእርሻው ላይ ልጅ ይታፈስ ጀመር። እናት ልጇን ጎተራ ውስጥ ደብቃ በላዩ ላይ ጤፍ የምታፈስበት ዘመን ነበር። እንዲህ ሆኖ የመጣ ልጅ ጠመንጃ ቢሸከምም ልቡ እቤቱ ቀርቷል። አሠልጣኞቹ ያውቁ ነበር፤ አዛዦቹም ያውቁ ነበር። ግን ማን ይናገር?

አዛዥ እንዴት ዝም ይላል የሚል ይኖራል። እንዲህ ነው። በየጦሩ አንድ አዛዥ ነበር፤ ከጎኑ የፖለቲካ ሹሙ፤ ከዚያ ደግሞ የደኅንነቱ ሰው። አዛዡ ውጊያውን ያውቃል፤ ሁለቱ ደግሞ አዛዡን ይጠብቁታል። ሪፖርቱ በሦስት መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፤ አለቃን የሚያስደስተውም ቀድሞ ይደርሳል። ሠላሳ ዓመት ወታደር የነበረ ሰው ካድሬ ፊት ቆሞ «ጦሩ ደክሟል» ለማለት ቃላት ሲመርጥ ያድራል። ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ልጆች አሉት።

በ1980 የናቅፋን ግንባር ይዞ የተቀመጠው ናደው ዕዝ ይባል ነበር። ማዘዣውና ስንቅና ትጥቁ አፍአበት ላይ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ነበሩ፤ ወታደሮቻቸው የሚያከብሯቸው ጀግና መኮንን። ጦሩ ለዓመታት በምሽግ ተቀምጦ ዝሏል፤ ግንባሩም ላይ ጉዳት ደርሶ ነበር። የአገሪቱ መሪ በየካቲት ወር ወደ አስመራ ወጡ። ጥፋቱ ከየት መጣ ተብሎ ተጠየቀ፤ ጄኔራል ታሪኩም ተይዘው ተረሸኑ። በዚያ ግንባር ያለውን ተራራና ሸለቆ፣ የጠላትንም ጠባይ እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሻዕቢያ ብዙ ጥይት ቢተኩስ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ከወገን እጅ በነፃ አገኘ።

አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 8 ቀን ማለዳ፣ ሻዕቢያ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። ከግንባሩ ወደ አፍአበት ያፈገፈገው የታንክና የከባድ መኪና ሰልፍ አድሻርም ከሚባል ጠባብ መተላለፊያ ሲደርስ ፊተኛው ተመታ፤ መንገዱ ተዘጋ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ፤ ኋለኛው ፊተኛውን እየገፋ ቆመ። መሣሪያው ለጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የገዛ አውሮፕላኖቻችን መጥተው ያን ሰልፍ ደበደቡት፤ በውስጡና በዙሪያው ወገን እያለ። ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ አፍአበት ወደቀ። ሦስት የሶቪየት ወታደራዊ አማካሪዎችም ተማረኩ። የሞተውንና የተማረከውን ሺህ ስንቱ ብሎ መቁጠር ለታሪክ ጸሐፊ ይሁን፤ ለእኔ ያ መተላለፊያ ብቻ ይበቃኛል።

የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። በዚያን ጊዜ ማልቀስ ይገባ ነበር። ማልቀስ ማለት ቁጭ ብሎ «የት ነው የጠፋነው?» ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ባሬንቱን፣ አቆርደትን፣ ተሰነይን እየለቀቁ ጦር መሰብሰብ ሆነ። ከሶማሊያ ጋር በፍጥነት ስምምነት ተፈርሞ የምሥራቁ ጦር ወደ ሰሜን ተጫነ። ልብ በሉ፤ ከአፍአበት በኋላ ከባዕድ ጋር ለመስማማት ጥቂት ሳምንታት በቁ። ከገዛ ወንድም ጋር ለመስማማት ግን አሥራ አራት ዓመት አልበቃም ነበር።

ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ ጥፋት አልነበረባቸውም አልላችሁም። ሻዕቢያና ሕወሓት በ1977፣ በዚያ በክፉው የረሃብ ዘመን፣ ተኮራርፈው ነበር። ከሱዳን ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ የሚራበው ሕዝብ በሁለት ድርጅት ኩርፊያ መካከል ተያዘ። ያን ነገር ዛሬም በልቡ የያዘ ሰው አውቃለሁ። ከአፍአበት በኋላ ግን ሁለቱ ተቀምጠው ታረቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ያቺ ዕርቅ በጦርነቱ ውስጥ ከብዙ ታንክ በላይ ሠራች። መንግሥት በበኩሉ በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980፣ ረቡዕ በገበያ ቀን ሐውዜንን በአውሮፕላን ደበደበ። ጨውና እህል ሊሸጥ የመጣ፣ በአህያ የመጣ፣ ልጅ ያዘለ ሰው ነበር ገበያው ላይ የነበረው። ከዚያ ቀን በኋላ ስንት የትግራይ ወጣት ተነስቶ ወደ በረሃ እንደገባ የሚያውቅ ያውቃል። ልጆቼ፣ ሰላማዊ ሰው ላይ የሚዘንብ ቦምብ በወታደራዊ ቋንቋ ስም ይሰጠው ይሆናል፤ በእግዚአብሔርም በሕዝብም ፊት ግን ስሙ አንድ ነው። ይህን ያደረገ ወገን የቱም ይሁን የት፣ ጦርነቱን ያን ዕለት ተሸንፏል።

ከዚያ ሽሬ መጣ። በየካቲት 1981 604ኛ ኮር የሚባለው ትልቅ ጦር እንዳ ሥላሴ አካባቢ ተደመሰሰ። ሻዕቢያም ጦር ልኮ ከሕወሓት ጎን ተሰልፎ ነበር። ወሬው መቀሌ ሲደርስ እዚያ ያለው ሠራዊት ውጊያ ሳይገጥም ከተማውን ለቅቆ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ትግራይ በሙሉ ከመንግሥት እጅ ወጣች። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል የሚሉት አባቶቻችን ይህንን ነው። ለዓመታት ድል ብቻ የተነገረው ወታደር አንድ ቀን እውነቱን በጆሮው ሲሰማ የሚይዘው ነገር የለውም። ሽንፈት እየተነገረው፣ ምክንያቱም እየተገለጸለት የኖረ ሠራዊት ግን እንዲህ በአንድ ሌሊት አይበተንም። በሬዲዮ የሚነፋ ድል መጨረሻው የሚያደቅቀው የራስን ወገን ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄዱ ጄኔራሎቹ ተነሱ። የጦሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ፣ በአስመራ ደግሞ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ። አገሪቱ ካፈራቻቸው የተማሩና በውጊያ የተፈተኑ መኮንኖች ነበሩ። ጦርነቱ በጦር እንደማያልቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ በሰላም እንጨርሰው ብለው ነው የተነሱት። ነገር ግን አልተቀናጁም። መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ሲመክሩ ሰዓቱ ሄደ፤ ግቢው ተከበበ። ጄኔራል መርዕድና ጄኔራል አምኃ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። ጄኔራል ደምሴ አስመራ ላይ ተገደሉ። የተረፉት ታሰሩ፤ ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1982፣ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ።

አንዳንዱ ሰው ስለ እነዚህ መኮንኖች ሲናገር «ቢሳካላቸው ኖሮ» ይላል። እኔ እንዲያ አላስብም፤ የሚያሳዝነኝ ወደዚያ ያደረሳቸው ነገር ነው። በወጉ ተጠርተው «ምን ታያላችሁ?» ቢባሉ ኖሮ የሚናገሩት ነበራቸው። በጠረጴዛ ዙሪያ እንዳይናገሩ የተከለከሉትን በሽጉጥ ሊናገሩ ሄዱ፤ እሱም አልሆነላቸውም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። የእኛ ግን መከራም አልመከረን፤ የሚመክረውን ነው የፈጀነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስረዝምባችሁም። ወታደሩን የሚመራው ሰው አልቋል። በየካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። እዚያ የነበሩት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ጥይታቸው እስኪያልቅ ተዋግተው፣ አልማረክም ብለው በገዛ እጃቸው አለፉ። የሚያሳዝን ጀግንነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚገባው መሪ አልገጠመውም። በዚያው ወር መጨረሻ ሶሻሊዝሙ ቀርቶ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሆነ ተባለ፤ ሶቪየቶችም ጋሻቸውን ሊያነሱ ነበር። ገበሬው እሰየው ብሎ ከመንደር ምሥረታው ወጥቶ ወደ ቀዬው ተመለሰ እንጂ ለመንግሥቱ ብሎ የተነሳ አልነበረም።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መሪው በናይሮቢ አድርገው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ሠራዊቱ ሜዳ ላይ ቀረ። ያን ሰሞን በየመንገዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወታደሩ በቡድን በቡድን ሆኖ ይሄዳል፤ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ። ጫማውን በእንጀራ የለወጠ አለ። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ንፍሮም ቢሆን» የሚል አለ። ሴቶች ወጥተው የትኛው ወገን ነህ ሳይሉ ውሃ ሰጡት፤ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጠቡለትም ነበሩ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው እንዲህ ተበተነ። ከማዶ የመጣውም ታጋይ ቢሆን ከሲታ የገበሬ ልጅ ነበር፤ እሱንም እናቱ ትጠብቀው ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ስለ ጦርነት ሲፎከር ሲሰማ ሆዱ ይረበሻል።

ያሸነፉትስ ተማሩ ወይ? በ1990 ዓ.ም. ያ ድር ተበጠሰና፣ አብረው ምሽግ የተኙት በባድመ ላይ ተዋጉ፤ ስምምነት የተፈረመው በ1993 አልጀርስ ላይ ነው። ደግሞም በጥቅምት 2013 ያ ሁሉ ታሪክ እያለን ሰሜኑ እንደገና ነደደ፤ ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ። በእነዚህም ጦርነቶች ውስጥ «ቆም በሉ» ያለ ሰው ባንዳ፣ ከሃዲ፣ ፈሪ እየተባለ ተሰደበ። እኔ በዚህ ላይ የማንንም ወገን ጥብቅና አልቆምም። የማየው ግን ያው በሽታ እንደሆነ ነው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

ስለዚህ እናንተ ሹመት ያላችሁ፣ ወይም ነገ የምትሾሙ፣ ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ሰው ወንበር ስጡት። ውሃ አጠጡት። ስሙትና በሰላም ወደ ቤቱ ይግባ፤ ሌሎቹ ያያሉ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ «ሊያልቅ ነው፣ አንድ ወር ነው» ስትባሉ፣ ማን ቆጠረው ብላችሁ ጠይቁ፤ የጠየቀ ሰው ሲቀጣ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁት ማለት ነው።

እኛ ሽማግሌዎችም ተጠያቂዎች ነን። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ልጅ የምናሳድግ ሰዎች፣ ቤቱ ከነደደ በኋላ ነው ዘንባባ ይዘን የምንወጣው። በ1982 መባቻ ላይ፣ ሽሬ ካለፈ፣ የጄኔራሎቹ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሻዕቢያንና መንግሥትን በአትላንታ፣ ቀጥሎም በናይሮቢ አገናኝተው ነበር። ሕወሓትና መንግሥትም ሮም ላይ ተቀምጠዋል። በታዛቢ ጉዳይ፣ በአጀንዳ ጉዳይ ሲከራከሩ ወራቱ አለፈ፤ ያኔ አንዱ ወገን ጊዜ መግዛት ሲሻ ሌላው ድሉ ቀርቦ ይታየው ነበርና ለስምምነት የቸኮለ አልነበረም። የእርቅ ጊዜው ሁለቱም ወገን አሸንፋለሁ ብሎ ሳያምን፣ ሁለቱም እሸነፋለሁ ብሎ ሳይደነግጥ ነው፤ ያ ጊዜ በ1967 መስከረምና ጥቅምት በእጃችን ነበር። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ተስፋዬ ዲንቃ የመንግሥትን ልዑካን ይዘው ሎንዶን ለድርድር ሲቀመጡ መሪው አገር ጥለው ወጥተዋል፣ አስመራ ተይዛለች፣ ሕወሓት የሚመራው ግንባር ኢሕአዴግም አዲስ አበባ ደጃፍ ላይ ነበር። በማግስቱ ማለዳ፣ ግንቦት 20፣ ከተማይቱ በታንክ ድምፅ ነቃች፤ የሚደራደሩበት ነገር አልቆ ነበር።